በገብስ አገር የሲናር ነገር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሰንዳፋና በአለልቱ በኩል ወደ ደብረ ብርሃን የሚጓዝ ሰው፤ ሸኖን ካለፈ በኋላ አገሩ ሜዳ ሆኖ ይዘረጋለታል። ባሕር ዛፍ አልፎ አልፎ ከተተከለበት ሥፍራ በቀር ዓይን የሚያግደው ነገር የለም። ነፋሱ ብርድ ያዘለ ነው፤ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ይጠጋል፤ ማለዳ የተነሣ መንገደኛ በሣሩ ላይ የተኛውን ውርጭ ፀሐይ እስክታቀልጠው ድረስ የተዘረጋ ነጠላ መስሎ ያየዋል። ኅዳር አልቆ ታኅሣሥ ሲገባ ግራና ቀኙ ሁሉ የገብስ ነዶ፤ የገብስ ክምርና የገብስ አውድማ ነው።

አብዛኛው ተሳፋሪ ይህን ሜዳ ቶሎ ማለፍ ይወዳል። ሐሳቡ ወደ ጣርማ በር ዋሻ፤ ከዚያም ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለት ይሮጣል። እውነት ነው፤ ቁልቁለቱን ያየ ሰው በቀላሉ አይረሳውም። ይሁን እንጂ በጫጫ ከተማ አካባቢ ከመኪና ወርዶ ግማሽ ሰዓት ያህል በማሳ ዳር በእግሩ የሚሄድ ሰው፤ የዓለም የዕፀዋት ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በላይ ስም ሲያወጡለትና ስም ሲሽሩበት የኖሩትን ነገር በገዛ እጁ ሊቀነጥበው ይችላል።

ይህም ነገር ሲናር ነው። ሲናር የገብስ ጎረቤት ነው፤ ገብስ በተዘራበት ሁሉ ሳይጠሩት ይገኛል። የገብስ ራስ ፍሬው ጥቅጥቅ ብሎ በአንድ ዘንግ ላይ ሲቆም፤ የሲናር ዛላ ግን የተበተነ ነው። ፍሬ ያዘለው ቅርፊት እያንዳንዱ በቀጭን ክር ጫፍ ላይ እንደ ጉትቻ ተንጠልጥሎ ትንሽ ነፋስ በነፈሰ ቍጥር ይርገበገባል። ከቅርፊቱም ጀርባ ጠቆር ያለ ጢም ይወጣል፤ ጢሙ ከመካከሉ እንደ ጉልበት የታጠፈ ነው።

ከተማ ተወልዶ ያደገ ሰው ሲናር ሲባል ባያውቅ አያስደንቅም፤ አጃ ሲባል ግን ያውቃል። በሱቅ እየተሸጠ ለሾርባና ለአጥሚት የሚሆነው አጃና የኛ ሲናር አንድ ወገን ናቸው፤ ወገኑንም ሊቃውንቱ አቬና ብለው ይጠሩታል። ነገሩን የሚያወሳስበው ግን በብዙ የገጠር አገር አጃ የሚባለው ሌላ እህል፤ ማለትም ከቅርፊቱ በቀላሉ የማይላቀቅ አንድ የስንዴ ዓይነት መሆኑ ነው። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ስለ አጃ ተስማምተው ሲጨዋወቱ ቢሰሙ፤ አንዱ ስለ ስንዴ ሌላው ስለ ሲናር ይናገር እንደ ሆነ መጠየቅ አይከፋም።

ወደዚህ ሥፍራ የሄድሁት የሣር ትምህርት ከሚከታተል አንድ ወጣት ጋራ ነው። ወጣቱ በጋዜጣ ወረቀት የተሞላ የዕፅ መጫኛ ሳንቃ፤ ብዙ ባዶ ፖስታና በአንገቱ ላይ የተንጠለጠለ ትንሽ ማጉያ መስታወት ይዟል። ከመንገዱ ወጣ ብለን ስንሄድ አንድ ሽማግሌ ከሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ጋራ ገብስ ሲያጭዱ አገኘናቸው።

«ያበርታችሁ!» አልን።

«አሜን፤ እንደምን ዋላችሁ» ብለው ማጭዳቸውን ይዘው ቀና አሉ።

«አባባ፤ ይህን ሁሉ ሲናር ሳያርሙት ለምን ተዉት?» ሲል ወጣቱ ጠየቃቸው።

«ማን ያርመዋል ልጄ? በቡቃያው ጊዜ ከገብሱ መለየቱ ጭንቅ ነው። ካፈራ ወዲያ ደግሞ እህል ነው።»

«እህል ነው ይላሉ?»

«እህል ነዋ! ከገብሱ ጋራ ይታጨዳል፤ ይወቃል፤ ይፈጫል። ጠላውም እንጀራውም አያሳፍርም። ይህ ውርጭ ገብሱን የመታው ዓመት ጎተራችንን ማን ሞላው ትላለህ?»

ወጣቱ ሁለት ዛላ ቀንጥቦ አቀረበላቸው። ሽማግሌው አንደኛውን ተቀብለው በመዳፋቸው ላይ ቀስ ብለው ሲነቀንቁት ፍሬው ሁሉ ጠብ ጠብ እያለ ረገፈና ባዶ ቅርፊት ብቻ በዛላው ላይ ቀረ። «ይህ የወፍ ሲናር ነው፤ ሰው አይጠብቅም» አሉ። ሁለተኛውን ሲነቀንቁት አንድም ፍሬ አልወደቀም። «ይህ የሰው ነው፤ እስከ አውድማ ይመጣል።» ቀጥሎም ወጣቱ ከዚያው ማሳ፤ ከሁለቱ አጠገብ የበቀለ ሦስተኛ ዛላ አቀረበ። ሽማግሌው ነቀነቁት፤ ግማሹ ረገፈ፤ ግማሹ ቀረ። ደግመው ቢነቀንቁት የቀረው አልንቀሳቀስም አለ። ሳቁና፤ «ይኸኛው ልቡ ሁለት ነው» አሉ።

አንባቢ ሆይ፤ የዕፀዋት ሊቃውንት የተከራከሩት በዚሁ በሦስተኛው ዛላ ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሲናር የሳይንስ ስም ታሪክ የሚጀምረው ከትግራይ ነው። ዊልሄልም ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ በ1837 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፤ አግብቶና ወልዶ፤ በ1878 በዐድዋ እስኪሞት ድረስ ዕፀዋት ሲሰበስብ ኖረ። እያደረቀ ወደ ጀርመን አገር የላካቸውን ብዙ ዕፀዋት መርምሮ ስም ያወጣላቸው ሆክሽቴተር የተባለ ሊቅ ሲሆን፤ የማይረግፈውን የሰው ሲናር አቬና አቢሲኒካ ብሎ ጠራው። በዚያን ዘመን ነገሩ ቀላል ነበረ። የደረቀ ናሙና በወረቀት ላይ ተጣብቆ ሲደርስ ማሳው አብሮ አይደርስም፤ ጎረቤቱም አይታይም። በወረቀት ላይ ያለ ሣር ሁሉ ቁርጥ ያለ ጠባይ ያለው ይመስላል።

ማሳውን በዓይኑ ያየው ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ ነው። ቫቪሎቭ በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፤ በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩትን ራስ ተፈሪን አነጋግሮ፤ በበቅሎና በእግር ከሐረር እስከ አክሱምና አስመራ ድረስ አገሩን አቋርጦ በሺሕ የሚቈጠር የእህል ዘር ሰብስቦ ተመለሰ። ይህ ሰው ስለ አጃና ስለ ሲናር የነበረው አስተያየት እጅግ የሚስብ ነው። ስንዴና ገብስ ሰው ፈልጎ ያለመዳቸው እህሎች ናቸው፤ አጃ ግን በስንዴና በገብስ መካከል አረም ሆኖ ገብቶ፤ ቀስ በቀስ ጠባዩን ከእህሉ ጋራ አስማምቶ፤ ብርድና ጭንጫ መሬት ሲመጣ ጌቶቹን አስለቅቆ በቦታቸው የተቀመጠ ነው ይል ነበር። ሎሌ ሆኖ ገብቶ ባለቤት መሆን ማለት ነው። ይህን ሐሳብ በዓይን ለማየት የኢትዮጵያን ደጋ ያህል የሚመች ሥፍራ ጥቂት ነው፤ ሲናር ዛሬም ከገብሱ ማሳ ወጥቶ ለብቻው የሚዘራ እህል ሳይሆን፤ ተነቅሎ የሚጣልም አረም ሳይሆን፤ በደጃፉ ላይ ቆሞ ይገኛልና።

የሚረግፈውን የወፍ ሲናር ማልትሴቭ የተባለ የሩሲያ ሊቅ በ1930 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ላይ የሌላ ዝርያ ቅርንጫፍ አድርጎ ሲመዘግበው በቫቪሎቭ ስም ሰየመው፤ ኋላም ራሱን የቻለ ዝርያ ተደርጎ አቬና ቫቪሎቪያና ተባለ። ቫቪሎቭ ግን በ1940 ታሥሮ በ1943 በሳራቶቭ ወህኒ ቤት ሞተ። በደብረ ብርሃን ጎዳና በገብስ መካከል የበቀለ ሣር ስሙን ተሸክሞ መገኘቱን ስንቱ መንገደኛ ያውቅ ይሆን?

አሁን ወደ ሦስተኛው ዛላ እንመለስ። በመጀመሪያ ደረጃ፤ ፍሬ መርገፍ ማለት ምን እንደ ሆነ ማየት ያስፈልጋል። ወጣቱ የወደቀውን ፍሬ በማጉያው መስታወት አሳየኝ። በሥሩ ላይ ለስላሳ፤ እንቁላል መሳይ የሆነች ጠባሳ አለች፤ ዙሪያዋን ጠጉር ከቧታል። ፍሬው ሲደርስ በዚህች ሥፍራ ያለ አንዳች ጉልበት ይላቀቃል። የታጠፈው ጢም ደግሞ ሥራ አለው፤ እርጥበት ሲያገኝ ይፈታል፤ ሲደርቅ ይገመዳል፤ እንዲህ እየተጠማዘዘ ፍሬውን ወደ መሬት ስንጥቅ ያስገባዋል። ከሰው ሲናር የተወሰደውን ፍሬ ስናይ ግን ጠባሳ የለበትም፤ በጉልበት የተሰበረ እንጨት የመሰለ ሸካራ ስብራት ነው ያለበት። የገበሬው ምርመራ መነቅነቅ ነው፤ የሊቁ ምርመራ ጠባሳዋን ማየት ነው፤ የሚደርሱበት ግን አንድ ቦታ ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ልብ ማለት ይገባል። በአንድ ማሳ ውስጥ ሲናር ወደሚመጣው ዓመት የሚሻገርባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በመሬት በኩል ነው፤ ማጭድ ሳይደርስበት ረግፎ፤ አፈር ገብቶ፤ ክረምት ሲመጣ ይበቅላል። ሁለተኛው በጎተራ በኩል ነው፤ በዛላው ላይ ጸንቶ ቆይቶ፤ ከገብሱ ጋራ ታጭዶ፤ በበሬ ተበራይቶ፤ በመንሽና በላይዳ ተነፍቶ፤ ፍሬው የገብስን ፍሬ ስለሚመስል ከገብሱ ሳይለይ ጎተራ ገብቶ፤ ለዘር የተቀመጠው ገብስ ሲዘራ አብሮ ይዘራል። የወፍ ሲናር በመጀመሪያው፤ የሰው ሲናር በሁለተኛው መንገድ ይሄዳል። ልቡ ሁለት የሆነው ደግሞ በሁለቱም ይሄዳል፤ ግማሽ ልጆቹን ለመሬት፤ ግማሹን ለጎተራ ይሰጣል። ገበሬው አጨዳውን ቢያዘገይ የሚረግፈው ይበዛል፤ ቢያፈጥን ወደ አውድማ የሚመጣው ይበዛል። ማንም ሳያስብበት በየዓመቱ ምርጫ ይደረጋል።

እነዚህ ሁለቱ እንዴት ይዳቀላሉ? ሲናር እንደ ገብስ ሁሉ ብዙውን ጊዜ በራሱ ዱቄት ራሱን የሚያስረግዝ ሣር ነው። ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ነፋስ የጎረቤቱን ዱቄት ያመጣና ዲቃላ ይወለዳል። ዲቃላው ከተወለደ በኋላ እንደገና በራሱ ዱቄት እየተራባ ከጥቂት ትውልድ በኋላ እያንዳንዱ መሥመር የራሱን መልክ ይዞ ይጸናል። ስለዚህ ጥቂት መዳቀል ብዙ ዓይነት መልክ ያወጣል፤ እያንዳንዱም መልክ ጸንቶ ሲታይ ራሱን የቻለ ዝርያ ይመስላል። የዘር ሰብሳቢ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው። ሁልጊዜ የሚዳቀል ሣር ቢሆን ኖሮ ማሳው ሁሉ አንድ ዝብርቅርቅ ሆኖ ክርክሩም አይነሣም ነበር። ፈጽሞ የማይዳቀል ቢሆንም እንዲሁ። ሲናር ግን ቆጠብ ብሎ ይዳቀላል፤ ቆጣቢነቱ ነው ያስቸገረው።

በሌላ አገር እንዲህ ያለ ክርክር በቍጥር የተፈታበት ጊዜ አለ። በእንግሊዝ አገር፤ በሳውዝሃምፕተን ወደብ ጭቃ ላይ፤ በመርከብ ከአሜሪካ የመጣ የባሕር ዳር ሣር ከአገሩ ሣር ጋራ ተዳቅሎ በ1870 አዲስ ሣር ተገኘ። አዲሱ ሣር መካን ነበረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን መልኩ ያንኑ የመሰለ፤ የሚወልድና ጭቃውን ሁሉ የሚወር ሣር ብቅ አለ። ሊቃውንቱ ክሮሞሶም የተባሉትን፤ የውርስ ጠባይ የሚተላለፍባቸውን የሕዋስ ዘንጎች ሲቈጥሩ ወላጆቹም መካኑም ወደ ሥልሳ ገደማ፤ የሚወልደው ግን የዚያን እጥፍ ያህል ይዞ ተገኘ። ቍጥሩ ፍርድ ሰጠና ነገሩ አለቀ።

ሲናር ዘንድ ግን ቍጥር አይፈርድም። በአቬና ወገን መሠረቱ ሰባት ነው፤ አንዳንዱ ዝርያ 14፤ አንዳንዱ 28፤ አንዳንዱ 42 ክሮሞሶም አለው። የሱቁ አጃ 42 አለው። በአርሲና በባሌ የስንዴ ገበሬን የሚያማርረው የዱር አጃ፤ ማለትም አቬና ፋቱዋ፤ እርሱም 42 አለው። 28 ያለው ሲናር ከ42 ጋራ ቢዳቀል ልጁ 35 ይዞ ይወለዳል፤ ከዘንጎቹም ብዙዎቹ ጥንድ አጥተው ስለሚቀሩ ዘር ለማፍራት ይቸገራል። በዚህ በኩል ድንበሩ ግልጽ ነው። የሰው ሲናርና የወፍ ሲናር ግን ሁለቱም 28 ናቸው፤ ቢዳቀሉ ልጃቸው ሙሉ ጤነኛ ነው፤ ይወልዳል፤ የልጅ ልጅ ያያል። በሜዲቴራኒያን ባሕር ዙሪያ የሚበቅለው አቬና ባርባታ የተባለው፤ ቅርፊቱ ጫፍ ላይ ሁለት ረጃጅም ጠጉር ያለበት የዱር ሣር፤ እርሱም 28 ሆኖ ከሁለቱ ጋራ ያለ ችግር ይወልዳል።

እንግዲህ ፍርዱ የሚወሰነው ዝርያ በሚለው ቃል ትርጕም ነው። በ1971 ላዲዚንስኪና ዞሃሪ የተባሉ የእስራኤል ሊቃውንት፤ ዝርያ ማለት እርስ በርሱ ተዳቅሎ የሚወልድ ሁሉ ነው በማለት፤ ሦስቱን ማለትም ባርባታን፤ ቫቪሎቪያናንና አቢሲኒካን በአንድ ዝርያ ጠቀለሏቸው፤ የአቬናን ወገን በሙሉ ከዐሥር በታች በሆኑ ዝርያዎች ጨረሱት። ላዲዚንስኪ በ1975 ስለ ኢትዮጵያ ሲናር ብቻ ጽፎ፤ በየገብሱ ማሳ የሚረግፈው፤ የማይረግፈውና መካከለኛው አብረው መኖራቸውን ገለጸ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1977 በካናዳ የሚኖረው በርናርድ ባውም ትልቅ መጽሐፍ አሳትሞ፤ ዝርያ በመልኩና በአካሉ ቅርጽ ይለያል በማለት፤ የአቬናን ወገን ወደ ሠላሳ የሚጠጉ ዝርያዎች አደረገው። አቢሲኒካም ቫቪሎቪያናም በየራሳቸው ወንበር ተቀመጡ። ሁለቱም ወገን ያዩት አንድ ዓይነት ሣር ነው።

በመሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይህን ነገር ለመረዳት አይቸገርም። አንድ ደብዳቤ ይመጣል፤ ግማሹ ስለ ደመወዝ ግማሹ ስለ ዝውውር ይናገራል። አንደኛው ሹም ሁሉንም በሠራተኛው ስም በአንድ ፋይል አስሮ ያስቀምጣል፤ ሌላው ደመወዙን ለብቻ ዝውውሩን ለብቻ ይከፍታል። ሁለቱም ሕግ አላቸው። ልዩነቱ የሚታወቀው አለቃው ደብዳቤውን ፈልጋችሁ አምጡ ባለ ቀን ነው። እኔ በበኩሌ፤ ፍርድ የምሰጥበት ሥልጣን ባይኖረኝም፤ የእስራኤሎቹ ሐሳብ ወደ ተፈጥሮ የቀረበ፤ የባውም ሐሳብ ደግሞ ለሥራ የተመቸ ይመስለኛል። ሣሩ ራሱ ድንበር የለውም፤ ዘሩን ለሚያስቀምጥ ሰው ግን የሚረግፈውና የማይረግፈው አንድ ስም ቢይዙ በከረጢቱ ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም።

ከማሳው ወጥተን ደብረ ብርሃን ስንደርስ የእህል ገበያው አልተበተነም ነበር። እዚያ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ምደባ አገኘን። አንድ ነጋዴ ከጆንያው እፍኝ ገብስ አንሥቶ በመዳፉ ላይ እያንከባለለ ያያል፤ ቀጠን ረዘም ያለችውን፤ ጠቆር ያለችውን ፍሬ በአውራ ጣቱ ገፋ ያደርጋታል። ሲናር የበዛበት ከሆነ ዋጋ ይቀንሳል። የሰው ይሁን የወፍ አይጠይቅም። ለቤት ጠላ የሚገዛ ሰው ብዙም አይከራከርም፤ ለብቅል የሚገዛ ግን ንጹሕ ገብስ ይፈልጋል፤ ብቅል የሚገዛው የቢራ ፋብሪካ ቅልቅል አይወድምና።

አደጋውም የሚመጣው በዚህ በኩል ነው። በደጋው ገብስ አገር የተጣራ ምርጥ ዘርና አረም ማጥፊያ መድኃኒት እየተስፋፋ ነው። ይህ ለገበሬው ይጠቅመዋል፤ ምርቱ ይጨምራል፤ ዋጋው ይሻላል፤ ስለዚህ ማንም አይቃወመውም። ነገር ግን ከላይ ስለ ሁለቱ መንገዶች የተባለውን ያስታወሰ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። የተጣራ ዘር የሚዘጋው መንገድ የትኛው ነው? የጎተራው መንገድ ነው። የመሬቱን መንገድ ግን አይዘጋውም፤ የረገፈው ፍሬ አፈር ውስጥ ተቀምጦ ክረምትን ይጠብቃል። ስለዚህ ማሳው ሲጸዳ አስቀድሞ የሚጠፋው ለሰው የተገራው፤ እስከ አውድማ የሚመጣው፤ በክፉ ዓመት ጎተራ የሚሞላው የሰው ሲናር ነው። የማይፈለገው የወፍ ሲናር ከሁሉ በኋላ ይቀራል። ባለ መድኃኒቱ ደግሞ በጠርሙሱ ላይ የሚያነበው አጃን ይገድላል የሚል ብቻ ነው፤ የትኛውን ብሎ የሚጠይቀው የለም።

ይህ ቢጠፋ ምን ይጎድላል የሚል ቢኖር፤ መልሱ በዌልስ አገር ይገኛል። የአውሮፓ አጃ ቅጠሉን እንደ ዱቄት በሚሸፍን ሻጋታ በሽታ ይጎዳ ነበርና በ1976 አበሪስትዊዝ በተባለ ከተማ የሚሠሩ ሊቃውንት፤ በሽታውን የሚቋቋመውን ጠባይ የሲናር የቅርብ ዘመድ ከሆነው ከአቬና ባርባታ ወስደው ወደ አጃው አስተላለፉት። 28ን ከ42 ጋራ ማጋባት ቀላል አልነበረም፤ በጨረር የተሰበረች አንዲት የክሮሞሶም ቁራጭ ናት የተሻገረችው። ያን ጊዜ አረሙ በሕይወት ባይኖር ቁራጯ ከየት ትመጣ ነበር? ከአንድ ባርባታ ይህን ያህል ከተገኘ፤ በውርጭና በጭንጫ መካከል ከገብስ ጋራ ስንትና ስንት ዘመን የኖረው ሲናራችን ምን እንደ ያዘ መመርመሩ የተገባ ነው።

በኢትዮጵያ የዘር ማስቀመጫ ማዕከል በ1976 ተቋቁሟል፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት በሚባለው መሥሪያ ቤት ሥር ይገኛል። በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የገብስ፤ የስንዴ፤ የጤፍና የሌላውም እህል ዘር በየከረጢቱ ታሽጎ ይቀመጣል። ማንኛውም ከረጢት ስም፤ ቦታና ቀን ይፈልጋል። ወጣቱ ያስጨነቀው ይኸው ስም ነበር። እህል ብሎ ቢጽፍ እንደ እህል፤ አረም ብሎ ቢጽፍ እንደ አረም ይታያል፤ አረም ለመጠበቅ ደግሞ ማን ይቸኩላል? የዕፅ መለያ መጽሐፍም ሁልጊዜ የሚጠይቀው አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው፤ ይረግፋል ወይስ አይረግፍም? አዎን ወይም አይደለም እንጂ ግማሹ ብሎ መመለስ አይፈቀድም።

ማታ በሆቴሉ ክፍል፤ በብርድ ልብስ ተጠቅልለን፤ ያመጣናቸውን ዛላዎች በጋዜጣ መካከል እየዘረጋ ሲያስቀምጥ ተመለከትሁት። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ፖስታዎች ስም ለመጻፍ አልዘገየም። ለሦስተኛው ሲደርስ ስሙን ትቶ ወጣቱ የጻፈው ይህ ነው፤ ገብስ ማሳ፤ ከመንገዱ በስተቀኝ፤ ከሁለቱ አጠገብ የበቀለ፤ ከፍሬው ግማሹ የሚረግፍ። ከዚያም ከዚሁ ማሳ ሳይመርጥ፤ እንደ መጣለት የዘገነውን ሌላ ሙሉ እፍኝ ዘር በአንድ ትልቅ ፖስታ አድርጎ አሸገ። ለምን እንደዚህ እንዳደረገ ብጠይቀው፤ «ሦስቱ ለስም፤ ይህ ለማሳው» አለኝ። በኔ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው ፖስታ ይህ አራተኛው ነው። መካከለኞቹ የሚገኙት በቅልቅሉ ውስጥ ነውና፤ አንድ መልካም ዛላ መርጦ የሄደ ሰብሳቢ ወላጆቹን ይዞ ልጆቹን ጥሎ ይሄዳል።

በማግሥቱ ወደ አንኮበር ወጣን። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሸዋ ነገሥታት ከተማ የነበረችው አንኮበር በገደል አፋፍ ላይ ተቀምጣ ወደ አፋር ቆላ ትመለከታለች፤ ጉም ሲገልጥ የሚታየው ነገር ለመናገር ያስቸግራል። በመንገዱ ዳር እስከ ገደሉ ጫፍ ድረስ ገብስ አለ፤ በገብሱም መካከል ሲናሩ ራሱን ደፍቶ ይወዛወዛል። እዚህ ያየነው ዛላ ከሜዳው አጠር ይላል፤ ጢሙም ይበልጥ የጠቆረ ነው። ወጣቱ ተጨማሪ ፖስታ ጠየቀኝ።

ይህን ለማየት የሚሻ ተማሪ ወይም ቅዳሜና እሑድ ዕረፍት ያለው ሠራተኛ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ጠዋት ከአዲስ አበባ የሚነሣ አውቶቡስ ቀትር ሳይሆን ጫጫ ያደርሰዋል። ማጉያ መስታወት ቢኖር መልካም፤ ባይኖርም መዳፍ ይበቃል። ወደ ማሳ ከመግባት በፊት ባለቤቱን ማስፈቀድ እንዳይረሳ። ጊዜው ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ገና ገብሱ ሳይታጨድ ነው፤ ጥር ከገባ ግን በማሳው ላይ የሚገኘው ቃርሚያና የከብት ዱካ ብቻ ነው።